ባንዳውና ልብ ወለዱ

«ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ሳናነሣ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንድ ሰዓት መነጋገር አንችልም። ቃሉ ግን የአንድ መጽሐፍ ርእስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የታተመው፣ መቶ ገጽ የማይሞላው «ልብ ወለድ ታሪክ» በኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እየተባለ ሲጠራ፣ የቀድሞ ርእሱ ለዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 የተወለደው እዚሁ ዘጌ ነው። እኔ ከምኖርበት ከሹም አቦ ወደ ጣና ዳር የወረደ ሰው በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢጓዝ ይደርስበታል። በሬ የማይጠመድበት፣ ቡና ከደን ውስጥ የሚለቀምበት፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነበት አገር ነው። አፈወርቅም መጀመሪያ ወደ ጣልያን የተላከው ሥዕል ሊማር ነበር።

ይህ የምሥራቹ ነው። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓድዋ ጦርነት ዋዜማ ለትምህርት ስዊዘርላንድ ሳለ ከወራሪው ወገን ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ እያስተማረ ሰዋስው ጻፈ፣ መጻሕፍቱን አሳተመ። ወደ አገሩ ተመልሶም በሹመት አገለገለ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆኖ ሮም ተቀመጠ። ፋሺስቱ ሲመጣ ግን እንደገና ከእርሱ ጋር ቆመ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበለ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶበት እ.ኤ.አ. በ1947 ጅማ በግዞት ሞተ። ዛሬ «ባንዳ» የሚለው ስድብ በሐሳብ በተለየን ሰው ሁሉ ላይ ይወረወራል። አፈወርቅ ግን ቃሉ በልኩ የተሰፋለት ሰው ነው፤ ይህን ለማለዘብ የሚደክሙ ወዳጆቼን አልከተልም።

እንዲህ ያለ ፈተና የገጠመን እኛ ብቻ አይደለንም። የዘመናዊው የቻይና ሥነ ጽሑፍ ፈር ቀዳጅ ሉ ሹን ጃፓን ሄዶ ሕክምና ሲማር ቆይቶ ትምህርቱን ለብዕር ተወ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ «የእብድ ማስታወሻ»ን ጻፈ። ወንድሙ ዦው ዙዎረንም ጃፓን የተማረ ታላቅ የወግ ጸሐፊ ነበር። ሉ ሹን በ1936 ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት ጃፓን ቻይናን በሰፊው ወረረች፤ ዦው ዙዎረንም ወራሪው ባቆመው አስተዳደር የትምህርት ሹመት ተቀበለ። ከጦርነቱ በኋላ ታሰረ። አንደኛው ወንድም በማኦ አንደበት ተሞግሶ ሐውልት ሆነ፤ የሁለተኛው ሥራዎች ግን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ተዳፍነው ቆዩ። አሁን ቻይናውያን ሁለቱንም ያነብባሉ፤ ጥፋቱንም አልረሱለትም። (ዦው ዙዎረን ሚስቱ ጃፓናዊት፣ አፈወርቅ ሚስቱ ጣልያናዊት ነበረች። ጋብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ እኛ ግን ሁልጊዜ ከዚያ እንጀምራለን።)

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ «ጦቢያ» ውስጥ የለም። እርሷ ምርኮኛ አባት፣ የጠፋ ወንድም፣ በወንድ ልብስ የምትንከራተት ልጃገረድ ያሉባት፣ በእርቅና በጋብቻ የምትቋጭ ተረት ናት፤ አገሩ መግባት ያልቻለ ሰው የጻፋት መሆኗን ሳስታውስ ታሳዝነኛለች። ጥያቄው ያለው በዚያው በ1908 በፈረንሳይኛና በአማርኛ ባዘጋጀው የአቢሲንያ መንገደኛ መምሪያ ውስጥ ነው። ለመንገደኛ የንግግር ልምምድ ተብሎ በቀረበው ጭውውት ውስጥ ወታደር ገበሬውን እንዴት እንደሚያራቁተው፣ ሹም እንዴት እንደሚበላ ተዘርዝሯል። በዓመቱ «ዳግማዊ ምኒልክ»ን አሳትሞ ያንኑ ቤተ መንግሥት በውዳሴ አጠበው። እኔ እውነተኛውን አፈወርቅ የማየው በመምሪያው ነው፤ ችግሩ ግን ያን እውነት ለማን ተናገረው የሚለው ነው። ሉ ሹን የሕዝቡን ቁስል ሲገልጥ የሚያየው ሕዝቡ ነበር። በአፈወርቅ ዘመን የነበረው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ስለ አገሩ ድኽነትና ስለ መንግሥቷ ድክመት የጻፈው በአማርኛ፣ ለሚመለከታቸው ኢትዮጵያውያን ነው። አፈወርቅ የገበሬውን ዕንባ በዋናነት ያስነበበው ሻንጣውን ለሸከፈ የውጭ ሰው ነበር፤ ያ የውጭ ሰው ደግሞ አገሪቱ እንደማትረባ መስማት ይፈልጋል። በቅኝ ገዢ ጆሮ ውስጥ እውነቱ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ይህ ማለት ግን እውነቱ ሐሰት ሆነ ማለት አይደለም። ስለ ወታደርና ስለ ገበሬ የሚያወራውን ያን ክፍል አንድ ጊዜ የደራሲውን ስም ሳልናገር ለተማሪዎቼ አቀረብሁላቸው። ከገጠር የመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው አያቱ ስለ ጭሰኛ ዘመን የነገሩትን ጨመረበት። ስሙን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።