ያለ አድራሻ የማይቋጭ ማመልከቻ

በካምፓላ መሀል፣ የሶማሌ ሱቆችና የበቆሎ ወፍጮዎች በተጠጋጉባት ኪሰንዪ፣ ለወገን ማመልከቻ ስጽፍ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ሙያዬ ትርጉም ነው፤ ደንበኞቼ ግን አብዝተው የሚሹት የማመልከቻን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው። ቀኑ ከላይ፣ ቀጥሎ «ለ» ተብሎ ተቀባዩ፣ ከዚያ «ጉዳዩ»፣ በመጨረሻም ፊርማ።

አንድ የሰፈራችን ወጣት የማመልከቻ መዝገቤን ወደ ኮምፒዩተር አስገባልኝ። ጃቫ በተባለው ቋንቋ ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ሲጽፍልኝም «ጋሼ፣ ይህን በአማርኛ ምን እንበለው?» አለኝ። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የሚልከውን ነገር ማለቱ ነበር። ጥያቄ ልበለው ወይስ ማመልከቻ?

አሠራሩን ሳይ ቃሉ ራሱን መረጠ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በወጣው በ11ኛው የጃቫ እትም የሚላከው ነገር አድራሻውን፣ ራስጌውንና የመላኪያ ዘዴውን የያዘ አንድ ኦብጀክት ነው። የሚያዘጋጀው ሌላ ነው፤ «ቢልደር» ይሉታል፣ እኔ «አሰናጅ» አልሁት። አሰናጁ ረቂቅ እንደ ያዘ ጸሐፊ ነው፤ አድራሻ ይቀበላል፣ ራስጌ ይጨምራል፣ ሐሳብ ቢለወጥ ያርማል። «ቋጭ» ከተባለ በኋላ ግን ከተቋጨው ላይ አንዲት ፊደል አትለወጥም። ዘዴው ካልተነገረው «ስጠኝ» የሚለውን በራሱ ይወስዳል፤ አድራሻ ከሌለው ግን አልቋጭም ይላል። እኔም ያለ «ለ» ብዕር አንስቼ አላውቅም!

በዚህ ስንሳሳቅ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። የማመልከቻቸውን ቅጂ ሊወስዱ ሁለት ጊዜ መጥተው፣ ፕሮግራሙ ባዶ ስለ መለሰ «ስምዎ የለም» ብዬ ሰድጃቸው ነበር። ወጣቱ መጀመሪያ የጠረጠረው አድራሻውን ነው። የእኛ ፊደል በአድራሻ ውስጥ እንዳለ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ሆኖ፣ ባይቱም በመቶኛ ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። «ሰላም» ብቻውን 27 ምልክት ይሆናል። እሱ ግን ትክክል ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። በመዝገቡ ስማቸውን በፀሐዩ ፀ ጽፌ፣ ስፈልግ በጸሎቱ ጸ ጠይቄአለሁ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት ሰው።

በማግሥቱ ቅጂውን ይዤ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ነገሩንም አስረዳሁ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ክርስትና ያነሣኝ ቄስ በጸሎቱ ነበር የጻፉት» አሉኝ።