ለማያነበው ሕዝብ

በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ የነበረው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ደራሲነትን የተማረው ከትምህርት አዳራሽ ሳይሆን ከሥራና ከሠራተኛ ማኅበር ትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ልብ ወለድ የዳካር-ኒጀር ባቡር ሠራተኞችን የ1947-48 አድማ የሚተርክ ሲሆን፣ የደራሲውን ስም ከፍ አድርጎ አስጠራ።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። አድማውን በረኀብ ተቋቁመው ለፍጻሜ ካበቁት ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በዚያ ቋንቋ ማንበብ አይችሉም ነበር። ታሪካቸው ተጻፈ፤ ለእነርሱ ግን አልደረሰም። ሴምቤን ይህን ጉድለት የሕዝቡ ጥፋት አድርጎ አልቆጠረውም። ስመ ጥር ደራሲ ከሆነ በኋላ፣ ዐርባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በ1962 ሞስኮ ሄዶ እንደ ጀማሪ ተማሪ የፊልም ሙያ አጠና።

በ1963 የአንድ ድኻ ጋሪ ነጂን ውሎ በአጭር ፊልም አሳየ። በ1968 ደግሞ ከራሱ ድርሰት በተሠራው «ማንዳቢ» ገጸ ባሕርያቱን በወሎፍ ቋንቋ አናገረ። ታሪኩ ከፓሪስ ሐዋላ የተላከለት፣ ነገር ግን መታወቂያ ወረቀት ስለሌለው ገንዘቡን ማውጣት ያቃተው የአንድ ያልተማረ ሰው እንግልት ነው። የቢሮውን ቋንቋ የማያነብ ዜጋ በገዛ አገሩ እንግዳ መሆኑን የዳካር ተመልካች ያለ አስተርጓሚ ሰማ።

በ1977 የሠራውን «ቼዶ» መንግሥት ለሕዝብ እንዳይታይ አገደው። የተሰጠው ምክንያት በርእሱ ውስጥ ያለው «ዲ» የተባለው የላቲን ፊደል ተደርቦ መጻፉ ነበር። ሴምቤን አንዲቷን ፊደል አልቀነሰም።

በ2007 ዳካር ውስጥ ያረፈው ይህ የጥበብ ሰው ለሙያ ባልደረቦቹ የተወው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ሥራው ስለ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ከያኒ፣ ለማን እንደሚደርስም መጠየቅ ይገባዋል።