ስለ ቤተ ልሔም ተጽፈው ቤተ ልሔም ያልደረሱ መጻሕፍት

የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው ዜማውን የትም ይቀጽል የት፣ ምስክርነቱን የሚቀበለው ከጋይንት ቤተ ልሔም ነው፡፡ ዓመታት ፈጅቶ ቃሉን ከነምልክቱ ያጠናል፤ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ መምህር የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ በእስቴ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ በሊቃውንት ዘንድ ከቤተ ልሔምና ከአጫብር ጋር የሚጠራው የቆማ ዜማ የወጣው ከዚያ ነው፡፡ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በድርቅና በእርዳታ ስንዴ ብቻ የሚያውቅ ሹም ይህን ቢሰማ ሳይገረም አይቀርም፡፡

በ1955 (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ገና ከኦክስፎርድ የተመረቀ ወጣት፣ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበትን አምባ ፍለጋ አገራችንን ሲዞር ቤተ ልሔም ደረሰ፡፡ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን የሆነው ቤተ ክርስቲያን፣ በውስጡ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ መያዙን ተመለከተ፤ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለአገሩ ሰው አበሠረ፡፡ ‹‹አገኘው›› ተባለ፡፡ ደብተሮቹ ግን መቼ ጠፍቶባቸው ያውቃል?

ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፡፡ እንዲያውም የምቀናው በእሱ ነው፤ ያየውን ለአገሩ ተራ አንባቢ፣ አንባቢው በሚገባው ቋንቋ ጽፏልና፡፡ ከእሱ በኋላም ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ ስለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ ከ1993 እስከ 1997 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ጥራዝ አሳተሙ፡፡ ዶናልድ ክረሚ በየአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉትን የመሬት ሰነዶች መርምሮ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ስለ ርስትና ጉልት ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፡፡ ሁሉም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋቸውም ለእኔ ቢጤ መምህር እንኳ የሚቀመስ አይደለም፡፡ ነፋስ መውጫ ላይ ባየኋቸው የመጻሕፍት መደብሮች የሚሸጠው የፈተና መለማመጃና የጸሎት መጽሐፍ ነው፡፡

የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ፣ በወጣትነታቸው ድጓ የቀጸሉት አጎቴ ‹‹ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ጻፍህ?›› ሲሉ ጠየቁኝ፡፡ ስለ ጉልት መሬት መሆኑን በአማርኛ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው፡፡ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ‹‹ጉልቱን የሰጠውን ንጉሥ ጠራህ፤ ያረሰውን ገበሬስ አግኝተኸዋል?›› አሉኝ፡፡ ከፈታኞቼ አንዱም እንዲህ ያለ ጥያቄ አላነሳም፡፡ ቀጥለውም ‹‹በል አሁን እንደ ነገርኸኝ አድርገህ ጻፈው›› አሉ፡፡

የጎንደር ዘመን ሊቃውንት ያደረጉት ይኸንኑ ነበር፡፡ መጽሐፉ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜው ግን አማርኛ፤ ‹‹አንድም›› እያሉ ያራቀቁት በሕዝቡ መነጋገሪያ ነው፡፡ እኛ ደግሞ በአማርኛ ተነግሮን በአማርኛ የተረዳነውን ነገር በእንግሊዝኛ ጽፈን ባሕር ማዶ እንልካለን፡፡ እርግጥ ነው፣ ሌላ መንገድ የተከተሉም አሉ፡፡ ለንደን ተምሮ የመጣው መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማን ትዝታ በቴፕ ቀድቶ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አደረገው፤ የቆሎ ተማሪን ሕይወት ማወቅ ለሚፈልግ ዛሬም ከእሱ የሚሻል አላገኘሁለትም፡፡ የባሕሩ ዘውዴ የኢትዮጵያ ታሪክም በአማርኛ ተነቧል፡፡ ጌታቸው ኃይሌ ‹‹ደቂቀ እስጢፋኖስ፡ በሕግ አምላክ››ን በ1996 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ለንጉሥና ለመስቀል አንሰግድም ብለው የተገረፉትን መነኮሳት ከግእዝ ገድላቸው አውጥተው ለእኛ አስረከቡን፡፡ ስለ ሥልጣንና ስለ ኅሊና የምንከራከር ሰዎች ከዚያ ወዲህ የራሳችን አብነት አለን፡፡

ታዲያ ሌሎቻችን ለምን አንጽፍም? አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሥር ዓመት የደከመበትን የአማርኛ የታሪክ መጽሐፍ ለማዕረግ እድገት ሲያቀርብ፣ በውጭ መጽሔት የወጣች ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ እንደምትበልጥ ተነገረው፡፡ ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፡፡ ምሁሩ የተወውን ወንበር ግን ፖለቲከኛው ይቀመጥበታል፤ የርስትና የወሰን ታሪክ ኅዳጉን ገልጠው በማያውቁ ሰዎች በየመድረኩ ይተረካል፤ ወጣቱም ያንን ሰምቶ ጠመንጃ ያነሣል፡፡

ሳይንሱም ቢሆን ከዚሁ አይርቅም፡፡ በባሕረ ሐሳብ ላይ ጌታቸው ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. የጻፉት መጽሐፍ በር ከፍቷል፤ የሒሳብ ሰው ግን ገና አልገባበትም፡፡ የ2018 ዓ.ም.ን ስሌት እንውሰድ፡፡ 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው፡፡ 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 አበቅቴ ነው፤ 12 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18 መጥቅዕ ነው፡፡ ሁለቱ ተደምረው 30 ይሞላሉ፡፡ ለምን? 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሆኑ ነው፡፡ 11 የተባለውም የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ነው፡፡ ዘመናዊው የቁጥር ሳይንስ የቀሪ ሒሳብ እያለ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፡፡

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ዓመታት ባክኖባቸዋል፡፡ በስማዳ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን ስሌት ከአብነት መምህሩ በቃል ይማረዋል፤ ምክንያቱን የሚነግረው መጽሐፍ ግን የለውም፡፡ መቶ ገጽ ይበቃዋል፡፡ የሒሳብ መምህራን ሆይ፣ የሚጽፈው ማን ነው?