አልረጋ ያለው ስሌት

የአምባሰልን ቅኝት ያደመጠ ሰው የኒውተንን ስሌት ለመረዳት አይቸገርም ብል፣ አንባቢዬ፣ የማፌዝ እንዳይመስልዎ። ክራር ሲቃኝ ያየ ሁሉ ምስክሬ ነው። ክራረኛው አንዱን ክር ያጠብቃል፤ ያ ሲጠብቅ ቀንበሩ በጥቂቱ ይለመጥና ቀድሞ የተቃኘው ክር ይላላል። ወደዚያኛው ይመለሳል፤ እንደገና ይዞራል። በየዙሩ ስሕተቱ እያነሰ ይሄድና በመጨረሻ ጆሮው «በቃ» ይላል። ቅኝቱ ረጋ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች «የኃይል ፍሰት ስሌት» የሚሉት ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመረቡ ላይ ያሉት ጣቢያዎች እንደ ክሮቹ ናቸው፤ የአንዱ ቮልቴጅ የጎረቤቱን ይነካል። ኮምፒዩተሩ በግምት ይነሣል፤ ብዙውን ጊዜ «ቮልቴጁ ሁሉም ዘንድ ሙሉ ነው» ብሎ። ከዚያ በየጣቢያው የሚገባውና የሚወጣው ኃይል ምን ያህል እንደተዛነፈ ያያል፤ ያርማል፤ ደግሞ ያያል። ቲኒና ሃርት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መሐንዲሶች በ1967 እ.ኤ.አ. የኒውተን ዘዴ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደሚበጅ ካሳዩ ወዲህ፣ ጤነኛ መረብ በአራት በአምስት ዙር ይረጋል።

አንዳንዱ ግን አይረጋም። የዚህ ጽሑፍ ነገርም እሱ ነው።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ያለኝ ዝምድና አክስቴ ወፍጮዋን ስታስነሣ አምፖሉ ሲፈዝ ከማየት አያልፍም። ጓደኛዬ ግን እንጀራው ይኸው ስሌት ነው፤ ትውልዱም ሐይቅ። እንዲገባኝ ብሎ አንድ ትንሽ መረብ ሠራልኝ፤ ምንጩን ኮምቦልቻ ላይ አደረገ፣ ቀጥሎ ደሴ፣ ቀጥሎ ሐይቅ፣ ጫፉ ላይ የአምባሰሏ ውጫሌ። ስሙን ከአገሩ ተዋሰ እንጂ የእውነተኛው መስመር ካርታ አይደለም። የበዓል ዋዜማን ጭነት ጫነበት፤ ምጣዱ ሁሉ ተጥዷል፣ ወፍጮው ሁሉ ተነሥቷል። ቁጥሮቹ ወዲያ ወዲህ ሲዘሉ ቆዩና በሃያኛው ዙር ኮምፒዩተሩ እጁን ሰጠ።

«መጀመሪያ ወረቀትህን ጠርጥር» አለኝ። 230 ኪሎ ቮልት መባል የነበረበት መስመር በ132 ቢመዘገብ፣ በስሌቱ ውስጥ የመስመሩ እንቅፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ በአንዲት የተሳሳተች ቁጥር አገር ይጨልማል። ውጫሌ መቼም በወረቀት መዘዝ የታወቀች ናት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ይል ስለነበር (ስሕተት ከተባለ) ነገሩ የረጋው ዐድዋ ላይ ነው።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ከምንጩ ተቆርጦ የቀረ ቦታ ይፈለጋል። መሐንዲሶቹ «ደሴት» ይሉታል። ጭነት አለው፣ የሚደገፍበት ማመንጫ ግን የለውም፤ ስለዚህ ስሌቱ መነሻ ያጣል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ኃይላቸውን ከአላማጣ ጣቢያ ያገኙ የነበሩ የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት በጨለማ ሲቀመጡ ደሴትነትን ያለ ኮምፒዩተር ተምረውታል።

የጓደኛዬ መረብ ግን ወረቀቱም ንጹሕ ነበር፣ የተቆረጠም አልነበረበትም። ታዲያ ምን ሆነ? ጭነቱን በግማሽ ቀነሰው፤ ወዲያው ረጋ። ያገኘውን መልስ መነሻ አድርጎ ጥቂት ጨመረ፤ አሁንም ረጋ። ደግሞ ጨመረ። የውጫሌ ቮልቴጅ በመጀመሪያ ቀስ እያለ ነበር የሚወርደው፤ በኋላ ግን ለትንሽ ጭማሪ ብዙ መውረድ ጀመረ፤ በመጨረሻም ገደል እንደደረሰ በቅሎ ቆመ። በአንድ አሥረኛ ጭነት እንኳ አልረጋም ቢል ጥፋቱ ከወረቀቱ ነው፤ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ሲቆም ግን እውነቱን መናገሩ ነው። «መልስ አላገኘሁም» ሳይሆን «መልስ የለም» ማለቱ።

ለምን የለም? ሪአክቲቭ ፓወር የሚሉት ነገር አለ። እህል ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስድ አህያ መደላድልም ይሸከማል። መደላድሉ አይፈጭም፣ አይበላም፤ ያለ እሱ ግን ጭነቱ አይቀመጥም። የወፍጮ ሞተርም እንዲህ ያለ መደላድል ይፈልጋል፤ በረጅም መስመር ከሩቅ ሲመጣለት ደግሞ መንገድ ላይ ያልቃል። ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ከረንት ይስባል፤ ያ ደግሞ ቮልቴጁን ይብስ ያወርደዋል። ቶኪዮን የሚያህል ከተማ በሐምሌ 1987 እ.ኤ.አ. ሙቀት፣ የማቀዝቀዣው ጭነት ሲበረታ፣ በዚሁ መንገድ ወድቆ 2.8 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መብራት አጥተዋል። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል፤ መደላድሉ ግን ከጉባ እስከ አምባሰል ተጭኖ አይዘልቅም። እዚያው ጭነቱ አጠገብ ካፓሲተር መተከል አለበት።

ስንት ካፓሲተር? እዚህ ላይ ያለው ዘዴ ደስ ይላል፤ ያስፈራልም። ጓደኛዬ ውጫሌ ላይ በዓለም የሌለ ማሽን ተከለ፤ መደላድል ብቻ የሚሰጥ። ስሌቱ በአራት ዙር ረጋ። ማሽኑ የሰጠው መጠን የጎደለው መጠን ነው፤ ያንን አንብቦ ማሽኑን መንቀልና በልኩ ካፓሲተር መጠየቅ ነው።

ሳይነቀል ቢረሳስ? ሪፖርቱ «ውጫሌ ሙሉ ቮልቴጅ አላት» ይላል። በዚያ ወረቀት ተማምኖ ሌላ ወፍጮ ይፈቀዳል። ሞተር ደግሞ ቮልቴጅ በዝቶበት ብቻ ሳይሆን አንሶበትም ይቃጠላል፤ አክስቴ ሁለት ጊዜ አስጠቅልላለች። ከዚህ የሚብስም አለ፦ ስሌቱ እንዲረጋለት ሲል ብቻ የጫፉን ጭነት በጸጥታ የሚቀንስ። የአምባሰልን ሰው ምጣድ ከፋይል ያጠፋዋል፤ ምጣዱ ግን እቤቱ ተጥዶ እየጠበቀ ነው።

ጓደኛዬ ለዚህ የራሱ መላ አለው። ለሐሰተኛ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ስም ያወጣል፤ ሪፖርቱ ሲታተም ከዝርዝሩ መካከል ያነበብኩትም እሱን ነው፦ «ማመንጫ፣ ውጫሌ፤ ስም፣ የለም።»