ጣሪያና አስፋልት የሚከፍሉት የውሃ ሒሳብ

የውሃ ቆጣሪ የሚቆጥረው በቧንቧ የገባውን ብቻ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ግን ትልቁን ዕዳ ያመጣው ቆጣሪ የማያየው ውሃ ነው፦ ዝናብ። ከከተማዋ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው አሮጌ ክፍል የመጸዳጃ ፍሳሽና የዝናብ ጎርፍ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ሞልቶ ይተርፋል፤ የተረፈው ሳይጣራ አናኮስቲያና ፖቶማክ ወንዞች ውስጥ ሲገባ ኖሯል።

የከተማዋ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ዲሲ ዋተር ይህን እንዲያስቆም እ.ኤ.አ. በ2005 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ተገደደ። የተመረጠው መፍትሔ ጎርፉን አጠራቅመው ወደ ብሉ ፕሌንስ ማጣሪያ የሚያደርሱ የምድር ውስጥ ዋሻዎች ነበሩ፤ የፕሮጀክቱ ወጪ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ይህን የሚያህል ገንዘብ ከደንበኛ ኪስ ባንዴ አይወጣም። ድርጅቱ ቦንድ ሸጦ ይበደራል፣ ይገነባል፣ ዕዳውን በየወሩ ከሚሰበስበው ክፍያ ይመልሳል። አበዳሪው የሚተማመነው በዋሻው አይደለም፤ ዋሻ ለሐራጅ አይቀርብም። መያዣው ደንበኛው ነው፣ የድርጅቱ ቦርድ ታሪፍ መጨመር ይችላልና። በ2014 ድርጅቱ 350 ሚሊዮን ዶላር ለ100 ዓመት ተበደረ፤ ወለዱ 4.8 በመቶ ገደማ ነው። ምክንያቱ፣ ዋሻው መቶ ዓመት የሚያገለግል ከሆነ የሚጠቀሙበት የልጅ ልጆችም ይክፈሉ የሚል ነው። ክርክሩ ያሳምናል፤ ግን በመቶ ዓመት የሚከፈለው ወለድ ብቻ ከዋናው ገንዘብ አራት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ከባዱ ጥያቄ ወጪውን ማን ላይ መጣል እንደሚገባ ነው። በውሃ ፍጆታ ብቻ ቢከፈል፣ በጠባብ ቤት የሚኖር ባለብዙ ልጅ ቤተሰብ አንዲት ቧንቧ እንኳ ከሌለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይበልጥ ይከፍላል፤ ጎርፉን ወደ ቱቦ የሚልከው ግን ማቆሚያው ነው። ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ ውሃ በማያሰርግ ስፋት፣ ማለትም በጣሪያና በአስፋልት፣ የሚሰላ ክፍያ መጣ። መለኪያው 1,000 ካሬ ጫማ፣ ወደ 93 ካሬ ሜትር ነው።

ሐሳቡ ከቆጣሪው ይልቅ ፍትሐዊ ነው፤ ቅሬታው ግን ከማይጠበቅበት መጣ። አብያተ ክርስቲያናትና የመቃብር ቦታዎች ከንብረት ግብር ነፃ ናቸው፤ ይህ ክፍያ ግን ግብር ሳይሆን የአገልግሎት ክፍያ በመሆኑ አላመለጡም። ምእመናን መኪና የሚያቆሙበት ግቢ በአስፋልቱ ስፋት ልክ ያስከፍላል። ጩኸቱ በርትቶ ለበጎ አድራጎት ተቋማት ድጎማ ተፈቀደ፤ ከ2020 ጀምሮም ከወጪው የተወሰነው እንደገና ወደ ፍሳሽ ታሪፍ ተዛወረ፤ ማለትም ወደ ቆጣሪው።

የአናኮስቲያው ዋሻ በ2023 ተጠናቋል፤ የፖቶማኩ ይቀራል። ቦንዱ የሚያልቀው በ2114 ነው።