የትኛው ትውልድ ይሻላል?

«የዛሬ ልጆች ምን አላቸው!» የሚል ሽማግሌና «የድሮ ሰው ምን ይገባዋል!» የሚል ወጣት የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ክርክሩ በቡና ሰዓት ይነሣል፤ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ይነሣል፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም ይነሣል። ሽማግሌው ጽናቱን ይቆጥራል፤ ወጣቱ እውቀቱን ይቆጥራል። ሁለቱም ይናገራሉ፤ የሚያዳምጥ ግን አይገኝም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። አይሁድ ከባቢሎን ምርኮ ተመልሰው የመቅደሱን መሠረት ሲጥሉ፣ የቀድሞውን ቤተ መቅደስ የሚያስታውሱት አረጋውያን ሲያለቅሱ ሌላው ሕዝብ በደስታ ይጮኽ ነበር። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ለቅሶውን ከደስታው መለየት ያስቸግረው ነበር (ዕዝ. 3፥12-13)። መሠረቱ አንድ ነው፤ ቀኑም አንድ ነው። አንዱ ያጣውን ያያል፤ ሌላው ያገኘውን ያያል።

ሶደሬ ላይ የተነሣ ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጥቢያችን ቤተሰቦች ለአንድ ቀን ጉባኤ ወደ ሶደሬ ወርደን ነበር። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ከመሬት በሚፈልቀው ፍል ውሃዋ የታወቀች ቦታ ናት። የአዳማ ሰው ጉልበቱን ሲያመው ወደዚያ ይወርዳል፤ ልጆቻችንም ዋና የሚለምዱት እዚያው ነው። እኛም ምሳችንን ከጦጣዎች እየጠበቅን በዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰብን።

የዕለቱ መሪ በዕድሜ ከፍሎ ሦስት ቡድን አደረገን፦ ከአርባ ዓመት በታች፣ ከአርባ እስከ ሰባ፣ ከሰባ በላይ። «ትውልዳችሁ ለሀገርና ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተውን በጎ ነገር ጻፉ» አለን። ቀላል መስሎን ነበር። ጠዋት የጀመርነው ግን እስከ ምሳ አላለቀም፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን በጎነት መጻፉን ትቶ የሌላውን ጉድለት መቁጠር ጀምሮ ነበርና። በዚያ ቀን የተባለውን፣ ከዚያ በኋላም በልቤ ሳወጣ ሳወርደው የቆየሁትን ላካፍላችሁ።

ከፍርስራሽ የሠራው ትውልድ

አረጋውያኑ ስለ ራሳቸው ከመናገራቸው በፊት ስለ ወላጆቻቸው ተናገሩ። ይህ ራሱ አንድ በጎነት ነው። ወላጆቻቸው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን የዓድዋ ድል ከአባቶቻቸው አፍ እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ሲመጣ ደግሞ ተራው የራሳቸው ሆነ። አምስቱን ዓመት ችለው በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ፣ ከፍርስራሹ ላይ ቆመው መሥራት ጀመሩ።

ለዚህ የራሳችን ከተማ ምስክር ናት። የሜኖናይት ሚስዮናውያን በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሆስፒታል ሲከፍቱ፣ ሆስፒታሉ ጣሊያንን ሲዋጋ በወደቀው አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተሰየመ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል የምንለው ያው ነው። በጦርነት የሞተ ሰው ስም በፈውስ ቤት ደጃፍ ላይ ተጻፈ።

በዚያው በጠላት ዘመን በወላይታ የሆነውንም ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሚስዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን 10 ሺህ ያህል አማኞች ጠበቋቸው። በመካከሉ የተገረፉት፣ የታሰሩትና ወንጌሉን ከመንደር መንደር ያዳረሱት አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች ነበሩ።

ጉድለቱስ? ይህ ትውልድ ያዝዝ ነበር እንጂ አያስረዳም። ልጅ ወላጆቹ በልተው እስኪነሡ ቆሞ ይጠብቃል። ሚስት ባሏን «አንቱ» እያለች ትኖራለች፤ ምን እንደሚያስጨንቀው ግን አታውቅም። ጭሰኛ ያመረተውን ለባለመሬቱ ያካፍላል። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ እንደ ባለጌ ይቆጠር ነበር።

«ለምን?» ያለው ትውልድ

ከመካከለኛው ቡድን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተነሡ። «እኛ "ለምን?" አልን» አሉ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ!» ብለው አደባባይ ሲወጡ አብዛኞቹ ራሳቸው የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውም፤ የጮኹት ስለ ሌላው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት ተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። መምህሩ ገበሬውን ፊደል ሲያስቆጥሩ ገበሬው ድግር መያዝ እንዳስተማራቸው ሲነግሩን ድምፃቸው ተለወጠ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ተማሪዎች በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ለጸሎት ይሰባሰቡ ነበር። የናዝሬት ተማሪዎች መነቃቃትና በ1959 ዓ.ም. የተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን የዚያ ትውልድ ፍሬዎች ናቸው። ከአንድ ክፍል ወጥቶ አንዱ የማርክስን መጽሐፍ፣ አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ግን ከወላጆቻቸው ያልወረሱትን ለመፈለግ የወጡና ለዚያም ዋጋ ለመክፈል የቆረጡ ነበሩ።

የዚህ ትውልድ ጉድለት ያስከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። «ከእኔ የተለየ ጠላቴ ነው» አለ። ለድሀው መብት አብረው የዘመሩ ጓደኛሞች ተገዳደሉ። ነጭ ሽብር፣ ቀይ ሽብር እየተባለ የእናቶች ቤት ባዶ ቀረ።

በጓዳ የጸለየው ትውልድ

ከዚያ ዝምታ መጣ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አገር ለቀው የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋውን ትቼ አልሄድም አሉ። በጥር 1974 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ እገዳው ሲነሣ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ።

እንዴት ሆነ? አምስት ስድስት ሰው ሆነው በየጓዳው ተገናኙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ብዙዎቹን ቡድኖች የመሩት እናቶች ናቸው፤ ቡና ተፈልቶ ስኒ ሲደረደር የጎረቤት ስብስብ ይመስላልና። መድረክ ያልተሰጣት ሴት ቤተ ክርስቲያንን በረከቦቷ ዙሪያ አቆየች። የዚያን ትውልድ የጸሎት ጥልቀት ዛሬ በድምፅ ማጉያ ልናገኘው አልቻልንም።

ግን ዝምታ ልማድ ሆኖ ቀረ። መጠንቀቅ ሕይወት ያተረፈበት ሰው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላም ለገዛ ልጁ እንኳ መናገር አቃተው።

በፍል ውሃው ዳር

ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። በዚያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አባቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው እግራቸውን ፍል ውሃው ውስጥ ነክረው ተቀመጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የቆሙበት ጉልበት ነው። ልጄ ከአጠገባቸው ተቀመጠች፤ እኔም ከጎናቸው ነበርኩ።

«አባባ፣ መሳቢያው ውስጥ ያለው ፎቶ የማን ነው?» አለቻቸው።

ፎቶውን አውቀዋለሁ። አፍሮ ያበጠረ፣ ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ተማሪ ሳለ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስሙ በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። አያቴ እንኳ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበርና።

አባቴ ውሃውን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያም ስሙን ጠሩት።

«ወንድሜ ነው» አሉ። «ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነበር። የድሀ ነገር ያንገበግበው ነበር። እኔ "ዝም ብለህ ትምህርትህን ተማር" እለዋለሁ፤ እሱ "ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ዝም ያልነው ይበቃናል" ይለኛል። ሲወስዱት የቀራችሁትን ላትርፍ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ በኋላ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ፣ ልጄ።»

ልጄ እጃቸውን ያዘች። «አባባ፣ ያኔ ዝም ባይሉ እኮ አባዬም አይተርፍም ነበር፤ እኔም አልኖርም ነበር» አለቻቸው።

አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት በዚያን ቀን ነው። ጠዋት «ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን» ብለው የወጣቶቹ ቡድን ሲጽፉ፣ ከአረጋውያኑ አንዱ «ጥያቄም እንደ በጎነት ይቆጠር ጀመር?» ብለው አስቀውን ነበር። ለአርባ ዓመት የተዘጋውን በር የከፈተው ግን ያ የወጣት ጥያቄ ነው።

የሚናገረው ትውልድ

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያደጉት ልጆቻችን አደባባዩን ክፍት ሆኖ አገኙት። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የወንጌላውያን ቁጥር ከመቶ 10.2 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 18.6 ሆነ። እነዚህ ወጣቶች ከጋብቻ በፊት ምክር ይጠይቃሉ። ወጣቱ አባት ሕፃኑን አዝሎ ሲያስተኛ አያፍርም። «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ይወጣል። እኛ ከአባቶቻችን ፍቅራቸውን በሥራቸው አየነው እንጂ በጆሯችን አልሰማነውም።

ጉድለታቸውም የታወቀ ነው። መቸኮል አለ፤ ለታይታ መሮጥ አለ፤ በትንሽ ነገር መከፋፈል አለ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ከእኔ የተለየ ጠላቴ ነው» የሚለው የቀድሞው ቃል በብሔር ስም ተመልሶ፣ በየስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማየቴ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ያ ቃል ምን ያህል እንደሚበላ አሳይቶናል። ስለ 1970 ያልተነገረው ልጅ፣ ያው ጉድጓድ አዲስ መንገድ ቢመስለው ምን ይገርማል?

ታዲያ ማን ይሻላል?

መጽሐፍ ቅዱስ የቀደመው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ እንዳልሆነ ያስጠነቅቀናል (መክ. 7፥10)። ዳዊትም የተመሰከረለት የራሱን ትውልድ ስላገለገለ ነው (ሐዋ. 13፥36)። እያንዳንዱ ትውልድ የፊተኛው የጎደለውን ይዞ መጣ፤ የራሱንም ጉድለት ተወ። የታገሠው ባይኖር የሚጠይቅ አይተርፍም፤ የጠየቀው ባይኖር ጭሰኛው ጭሰኛ ሆኖ ይቀር ነበር፤ በጓዳ የጸለየው ባይኖር ዛሬ በአደባባይ የሚዘምረው ከየት ይመጣ ነበር? ስለዚህ ትውልድን በደረሰበት መከራ ወይም ባገኘው እውቀት ብቻ አንመዝነው። አደራውን ለሚቀጥለው አስረክቧል ወይ? መመዘን ያለበት በዚህ ይመስለኛል። እግዚአብሔርን የማያውቅ ትውልድ ተነሣ ሲባል (መሳ. 2፥10) ጣታችን ወደ ልጆቹ ከመጠቆሙ በፊት፣ ለልጆች ተናገሩ የተባሉት አባቶች ናቸው (መዝ. 78፥4-6)።

ባልና ሚስት የሆናችሁ አንባቢያን፣ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ወር አንድ ምሽት ስጧቸው፤ ሕይወታቸውን ጠይቋቸው፤ ሳታቋርጡ አድምጡ። ሁለተኛ፣ ለልጆቻችሁ ድላችሁን ብቻ አትንገሯቸው፤ የፈራችሁበትን፣ ያዘናችሁበትን ቀንም ንገሯቸው። ልጅ የወላጁን እንባ ማወቁ አያዋርደውም፤ ያጠነክረዋል። ሦስተኛ፣ በቤታችሁ ስሙ የማይጠራ ሰው ካለ ስሙን ጥሩት። የጢሞቴዎስ እምነት ሲነገር የአያቱ የሎይድና የእናቱ የኤውንቄ ስም ተጠርቷል (2ጢሞ. 1፥5)።

ዛሬ በቤታችሁ የሚሯሯጡት ሕፃናት ነገ «የድሮ ሰዎች» ብለው ስለ እኛ ያወራሉ። ያን ጊዜ ስለ እኛ የሚያወሩት ዛሬ ከነገርናቸው ነው። እግዚአብሔር ቤታችንን የሚነገርበትና የሚደመጥበት ቤት ያድርገው።