የጉልበት ነገር

አማርኛችን ሁለቱን ነገር በአንድ ቃል ጠርቶ ተገላግሏል። ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት ማጠፊያ ጉልበት ነው፤ ኃይልም ጉልበት ነው። አቅም ያነሰው «ጉልበት አጣሁ» ይላል፤ ደረጃ መውጣት ያቃተውም «ወይ ጉልበቴን!» ብሎ ያቃስታል። ቀን ሠራተኛ ጉልበቱን ይሸጣል፤ በዓል ሲመጣ ልጅ የአያቱን ጉልበት ይስማል። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ነገር ስናገኝ ደስ ይለናል፤ ደብተራችን ጥግ ላይ ጫር አድርገን እንረሳዋለን። እኔ ግን ዘንድሮ ልረሳው አልቻልኩም። ለሁለቱም ጉልበት የሚሆን ነገር አለ ተባልኩና፣ ልውሰድ አልውሰድ የሚለው ጣጣ እኔው ላይ ወደቀ።

ነገሩ መድኃኒት አይደለም፤ ሻጮቹም መድኃኒት ነው አይሉም። ምግብ ነው እንዳይባል በእንክብልና በዱቄት ይመጣል። ሰው ሁሉ ሰፕልመንት ይለዋል፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ልበል።

ከመጀመሪያው ጉልበት ልጀምር። የዶርም ጓደኛዬ ጂም ይሠራል። አልጋው ሥር ትንሽ ባልዲ የሚያክል የፕሮቲን ጣሳ አለው፤ ሲከፍተው የቸኮላት ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። «ስማ፣ በሽሮ ጡንቻ አይመጣም» ይለኛል፣ የኔን ክንድ እንደ ማስረጃ እያነሳ። ይህ አባባል ስላናደደኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ቁጥር ፈለግሁ። በርትቶ ስፖርት የሚሠራ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል ይላሉ። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፤ ስለዚህ ከ72 እስከ 120 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ደግሞ ወደ 20 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። ባቄላ፣ ምስርና ፉል ከተጨመሩበት፣ በፍስክ ቀን እንቁላል ከተገኘ፣ ቢያንስ ታችኛው ቁጥር ላይ ይደረሳል። በሽሮ ጡንቻ ይመጣል ማለት ነው፤ ሽሮው ሽሮ ከሆነ። የካፌያችን ሽሮ ሽምብራውን የሚያውቀው በዝና ብቻ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ዱቄቱ ከምን የተሠራ ይመስላችኋል? ከአጓት! አይብ ሲወጣ የሚቀረው ያ ውሃ መሳይ ነገር ተጣርቶና ደርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የጡንቻ ሥዕል ተለጥፎበት የመጣ ነው። አያቴ ቤት አጓት የእረኛና የውሻ ድርሻ ነበር። ጓደኛዬን ለማሳነስ አይደለም፤ አጓት ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ እረኞቹም ብርቱዎች ነበሩ። ነገር ግን ያ ጣሳ የሚገዛበት ገንዘብ ለኔ የወር የኪስ ገንዘብ ነው። ደግሞም በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ አይነካም፤ አልጋ ሥር ተቀምጦ ፋሲካን ይጠብቃል።

ክሬያቲን ስለሚባለው ነጭ ዱቄት ግን ፍርዴ ይለያል። እርሱ የሰው አካል ራሱ የሚሠራው፣ ከሥጋና ከዓሣም የሚገኝ ነገር ነው፤ ለአጭርና ለከባድ ሥራ ጡንቻን እንደሚያግዝ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው እርሱ ነው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻቸው ውስጥ አነስ ብሎ ይገኛል። የሚሸጠው ባብዛኛው በፋብሪካ የሚቀመም ስለሆነ ከእንስሳ አይወጣም፤ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ሰው እንዲያውም እርሱ ሳይሻል አይቀርም። ጓደኛዬን ይህን ስነግረው እንደ ከሃዲ አየኝ። እኔ ግን ክብደት የማነሳ ሰው አይደለሁም፤ ኳስ ተጫዋች ነኝ፤ ነበርኩ ልበል ይሆን? ጠጠሩ ሜዳ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ከታጠፈ ወዲህ ዶርሜ ያለበት አራተኛ ፎቅ ራስ ዳሸን ሆኖብኛል።

እነሆ ሁለተኛው ጉልበት።

መጀመሪያ ወጌሻ አሸኝ፤ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። አጥንቱ ደህና ነው፣ የጭንህ ጡንቻ ግን ደክሟል ተባልኩና ሦስት እንቅስቃሴ ተሰጠኝ። ግድግዳ ተደግፎ ዝቅ ማለት፣ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ አንድ ደረጃ ወጥቶ መውረድ። በቃ! ይኸው ነው። ሰው በጉልበቱ ተጨንቆ ሄዶ ደረጃ ውጣ ሲሉት እንዴት እንደሚከፋው የደረሰበት ያውቀዋል።

እናቴ ይህን ለአክስቴ ነገረቻት። አክስቴ ዋሺንግተን አጠገብ ነው የምትኖረው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ስታነሳ ስታስተኛ የምታድር ሴት ናት። ወር ሳይሞላ በሰው እጅ ሁለት ብልቃጥ ግሉኮሳሚን ደረሰ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የእናቴ። እናቴ ጉልበቷን መታመም ከጀመረች ቆይታለች፤ በበርጩማ ተቀምጣ ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ ይታወቀኛል።

ለሰሚስተር ዕረፍት ደብረ ብርሃን ስገባ እማዬ ብልቃጧን ከፍታ ሦስት ሳምንት ወስዳለች። «ቀለል ብሎኛል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ እንኳ አልተሰማኝም» አለችኝ። ደስ አለኝ። የኔን ብልቃጥ አንስቼ ጽሑፉን ማንበብ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ትምህርታችን ለአንድ ነገር ሳይጠቅም አልቀረም። ብልቃጡን እንደ ግጥም አነበብኩት። ግሡን እዩት። «ይፈውሳል» አይልም፤ «የመገጣጠሚያን ጤና ይደግፋል» ይላል። ግድግዳም ይደግፋል፤ ምርኩዝም ይደግፋል። ወረድ ብሎ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ ይህ ምርት በሽታን ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል የታሰበ አይደለም ይላል። ሰሙ ከላይ በትልቁ፣ ወርቁ ከታች በትንሹ። ይህ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ሰፕልመንት ሻጭ ዕቃው እንደሚሠራ ለመንግሥት ሳያረጋግጥ ገበያ ማውጣት ይችላል፤ «እፈውሳለሁ» ግን ማለት አይችልም።

ታዲያ ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተሸረሸረ 1,583 ሰዎች ተከፋፍለው፣ ገሚሱ ግሉኮሳሚን፣ ገሚሱ ሌላ ነገር፣ ገሚሱም ምንም የሌለበት እንክብል ለ24 ሳምንት ወሰዱ። ግሉኮሳሚን ከወሰዱት ከመቶ 64ቱ ሕመማቸው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። ምንም የሌለበትን ከወሰዱትስ? ከመቶ 60። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ሕመማቸው ከበረታው መካከል ግሉኮሳሚንን ከኮንድሮይቲን ጋር ደርበው የወሰዱት የተሻለ ሆነው ተገኝተው ነበር፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ግን ገና መረጋገጥ አለበት ብለዋል። የኔ ጉልበት ደግሞ የኳስ እንጂ የመሸርሸር አይደለም። ለራሴ መወሰን ቀላል ሆነ፤ ብልቃጡን ሳልከፍተው ተውኩት።

ከባዱ እነዚያ 60ዎቹ ናቸው። እናቴ ከነርሱ አንዷ ብትሆንስ? ቀለል ብሎኛል ያለችው እውነቷን ነው። ዝም ብል ምን አለበት? እህቷ ያሰበችላትን ነገር በየጠዋቱ በሻይ ትውጣለች፤ እየሰገደች ትነሳለች። ዝም ለማለት ወስኜም ነበር፤ የመጨረሻዋን መስመር እስካነብ ድረስ። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ልባስ የተሠራ ይላል።

እናቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት አትበላም። እንግሊዝኛ አታነብም፤ በኔ ዓይን ነው የምታነበው። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ስለ ጥናቱ ዝም ብላት ደስታዋን መጠበቅ ነው ልል እችል ይሆናል፤ ስለዚህኛው ዝም ብል ግን ለርሷ እኔ እየወሰንኩላት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር የምስመው ጉልበት ነው። ነገርኳት።

«ሸርጣን ደግሞ ምንድን ነው?»

«በውሃ ውስጥ የሚኖር… ጊንጥ መሳይ ነገር።»

«በስመ አብ! በል ተወው፣ አትጨምርልኝ» አለችና ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ልትጥለው ግን አልቻለችም። «የእህቴን ልፋት እንዴት አድርጌ ጥዬ!» ብላ ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀመጠችው። ቀጥሎ ለጎረቤታችን ለአባባ ልትሰጣቸው ፈልጋ ነበር፤ እርሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እዚያ ላይ እንኳ አላመነታሁም። አባባ ለልባቸው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ፤ ግሉኮሳሚን ከርሱ ጋር ሲደረብ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል፤ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም።

እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እማዬና እኔ ጎን ለጎን ግድግዳ ተደግፈን ዝቅ ማለት ጀመርን። እርሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እየሳቀች፣ ከኔ ይልቅ ሳታቋርጥ። ቀለል ብሎኛል ትላለች አሁንም። የቱ 60 ውስጥ እንደምመድባት አላውቅም፤ መመደቡንም ትቼዋለሁ።

ለአክስቴ መንገሩ ቀረ። እማዬ «እንዳትነግራት» ብላኝ ነበር። እኔም ስለ ሸርጣኑ አላነሳሁም፤ ሌላ እንዳትገዛ ብቻ በስልክ ለመንኳት።

«ለምን? አልተስማማችሁም እንዴ?»

«አይደለም እትዬ፣ ይብቃን። ደግሞ ውድ ነው።»

«ታዲያ ምን ልላክ?»

ምንም አልኳት። ዝም አለች። ያን ጊዜ የርሷ ጉልበት እንዴት እንደ ሆነ ጠይቄያት እንደማላውቅ ትዝ ቢለኝ ጠየቅኋት። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ እንደምታድር፣ ጠዋት አውቶቡስ ስትወጣ ሐዲዱን በሁለት እጇ እንደምትይዝ፣ እርሷም ያንኑ እንክብል እንደምትወስድ ነገረችኝ። ሦስቱን እንቅስቃሴ በስልክ አስረዳኋት፤ ግድግዳው፣ እግር ማንሳቱ፣ ደረጃው።

«አንተ ልጅ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ቆሜ አድሬ መጥቼ ደግሞ ቆሜ ልሥራ?»

ተኝተሽ የሚሠራው እግር ማንሳቱ ነው፣ በርሱ ጀምሪ አልኳት።